በዘነበች ላይ የቀናሁባቸው ዓመታት

ዘነበች መሞቷን የነገረችኝ ትርንጎ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ገዋኗን እንደለበሰች፣ ጓንቷን በአንድ እጇ ጨብጣ በሬ ላይ ቆመችና «እትዬ አስቴር፣ ዘነበች አረፈች» አለችኝ። ትርንጎ ለዓመታት ከዘነበች ጋር አንድ ጋሪ የገፋች ሴት ናት፤ ዓይኗ አብጦ፣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። እኔ ደረቴን አልመታሁም፣ «ወይኔ» አላልኩም። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል «እስካሁን ለነማን ነገርሽ?» የሚል ነበር።

እሷም በየዋህነት ዘረዘረችልኝ። ለባለሱቁ ለሁሴን፣ ከድልድዩ ማዶ ለጋሽ ታደሰ፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ባለቤት ነግራ ነው እኔ ጋ የመጣችው። አምስተኛ መሆኔ ነው። ሰው ሞቶ ስንተኛ እንደተነገረኝ የምቆጥር ሴት መሆኔን ከመነሻው ብናገር ይሻላል፤ ስለ ዘነበች የማወራው ሁሉ በዚህ ዓይን የታየ ነውና። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀንቼባታለሁ። ሞታም አልለቀቀኝም።

ዘነበች የሰፈራችን ቆሻሻ ሰብሳቢ ነበረች። በማህበር ከተደራጁት ሴቶች አንዷ ናት። ማክሰኞና ቅዳሜ ከትርንጎ ጋር ጋሪ እየገፋች ከቤት ቤት ትዞራለች፣ ቆሻሻ የሞላውን ማዳበሪያችንን ትጭናለች፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ገንዳ ውስጥ ወስዳ ትገለብጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ቤት ንብረት ያላት፣ የተማረች፣ ከአባት ከእናቷ ጀምሮ በሰፈሩ የምትታወቅ ሴት በቆሻሻ ሰብሳቢ ምን ብላ ትቀናለች ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

እሷ ከመምጣቷ በፊት የሰፈሩ ቆሻሻ የእኔ ነበር። ማለቴ የጽዳት ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ «እትዬ አስቴር ጽሕፈት ያውቃሉ፣ ሰውም አይፈሩም» ብለው መረጡኝ። ሰፈራችን ጉለሌ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ በመካከላችን ያልፋል፤ ወንዝ የምለው ለክብሩ ያህል ነው እንጂ በበጋ በአንድ እርምጃ ይሻገሩታል። ችግራችን ድልድዩ ነበር። ሰው ማዳበሪያውን ጋሪ እስኪመጣ ከማቆየት በማለዳ ወጥቶ ከድልድዩ ላይ ይወረውራል። «ክረምት ይወስደዋል» ይላል። ክረምት ወስዶ ከታች ያሉት ሰዎች ደጅ እንደሚያራግፈው፣ ሲብስም ድልድዩን ደፍኖ የኛኑ ቤት እንደሚያጥለቀልቅ ሁሉም ያውቃል። ግን ማዳበሪያው ከእጁ ከወጣ በኋላ የሱ አይደለም።

እኔ ያልሞከርኩት የለም። ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በየምሰሶው ለጠፍኩ። በእድሩ ስብሰባ ላይ የተጠረጠሩትን ሰዎች ስም አነበብኩ፤ ከዚያ በኋላ ግማሹ ሰው ሰላምታ ነሣኝ። በመጨረሻ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል በመስታወት አስገብቼ የድልድዩ ግንብ ላይ ሰቀልኩ። ሰዉ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሥዕሉን ይሳለማል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ይላል፣ ይጥላል። ሁሴን ሱቁ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ፣ «እትዬ አስቴር፣ መልአኩን የቆሻሻ ዘበኛ አደረጉት?» አለኝ። መሪጌታም መጥተው «ልጄ፣ ሥዕሉን እባክሽ ከዚህ ሽታ አንሺልን» ብለው ለመኑኝና አወረድኩት። እንዲህ እየሆንኩ ሳለ ነው ዘነበች የመጣችው።

ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ እጀ ሰፊ ሴት ነበረች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ከሷ በፊት የነበሩት ሰብሳቢዎች በር ላይ ቆመው «ቆሻሻ!» ብለው ይጮሁ ነበር፤ ሰውን ይጥሩ ቆሻሻውን ይጥሩ አይታወቅም። ዘነበች አንድ ቀን ይህን ቃል ጮሃ አታውቅም። «እንዴት አደራችሁ» ትላለች፤ ትቆማለች፤ መልሱን ትሰማለች። ማዳበሪያ ከማንሳቷ በፊት በቦቲዋ ጫፍ ነካ ነካ ታደርገውና ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ጠርሙስና ምላጭ ካለበት ይሰማታል። «እናቴ፣ ይህቺን ስባሪ በጋዜጣ ጠቅልለው ለብቻዋ ቢሰጡኝ» ትላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተጠቅልሎ ይጠብቃታል። እኔ ያንኑ ነገር በማስታወቂያ ሁለት ዓመት ጽፌ አንድ ሰው አልጠቀለለም።

አንድ አባባል ነበራት። «ቆሻሻ እግር የለውም፤ የሚያስኬደው ሰው ነው» ትል ነበር። ሲሰሙት ቀላል ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ለምን እኔ ቀድሜ አላልኩትም እያልኩ እበግናለሁ።

ማዳበሪያውን ገንዳው ጋ ስትገለብጥ ላስቲኩን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ ትለያለች፤ ስትለይ ታያለች። ያየችውን ታውቅበታለች። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ የቃል ኪዳን ቀለበቷ ከሊጥ ጋር ወጥቶ ጠፍቶባት ስታለቅስ፣ ቀለበቱን በመሐረብ ቋጥራ ያመጣችላት ዘነበች ናት። ጋሽ ታደሰ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳይውጡ እየጣሉ እንደሆነ አይታ፣ ለልጃቸው አልነገረችም፣ ለሚስታቸው አልነገረችም፤ ለራሳቸው ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ኪኒኑ ተመልሶ እኔ ጋ እየመጣ ነው» አለቻቸው። እሳቸው ራሳቸው ናቸው በኋላ እየሳቁ ያወሩት። ሰው ሁሉ ስሟን ሲያነሳ ፊቱ ይፈታል። የእኔ ስም ሲነሳ ሰዉ ትከሻውን እንደሚያስተካክል አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ይቻላል። ያልቻልኩት የእናቴን ነው።

እማዬ አልጋ ከያዘች ቆይታለች። አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፤ ሌሊት ስትጠራኝ እነሣለሁ። አልማረርኩም፣ እናቴ ናት። አልጋዋ በመስኮቱ ሥር ስለሆነ ማክሰኞና ቅዳሜ የጋሪው ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች። «ዘነበች መጣች! ሻሼን አስተካክይልኝ!» ትለኛለች። ሻሽ! እኔ ቤት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስውል ሻሿ ትዝ ብሏት አያውቅም። ዘነበች ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ቧንቧ ላይ ታጥባ፣ በመስኮቱ ብረት መካከል እጇን ታስገባና «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አምሮብዎታል!» ትላታለች። እማዬ ትስቃለች፤ ጥርስ በሌለው ድዷ እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለች። «የኔ ልጅ፣ እጅሽን ይባርከው፣ ከክፉ ይሰውርሽ» ብላ ትመርቃታለች። እኔ ከኋላ የሽንት ጨርቅ ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ምርቃት አንድ ቀን ወደ እኔ ዞራ ብትለኝ ብዬ የተመኘሁትን ያህል ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

በመጣች በአራተኛው ዓመት ድልድዩ ሥር ያለው ቆሻሻ እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ በሳምንት አምስት ስድስት ማዳበሪያ ይታይ የነበረው ሁለት ሆነ፣ አንድ ሆነ፣ ጠፋ። ያን ክረምት ውሃው ድልድዩን ሳይነካ አለፈ። ወረዳው ሰፈራችንን አመሰገነ፤ እኔም ሪፖርቱን ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ቆሜ አነበብኩ። «በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረትና በተለጠፉት ማስታወቂያዎች» የሚል ነበረበት። አጨበጨቡልኝ። ዘነበች የተባለ ስም በሪፖርቱ ውስጥ የለም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ የማስታወቂያዎቼ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ መጣ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ፤ ሐኪሟ እንቁላል ብዪ አለችኝ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ» ብለው በአንድ ቃል ይፈቱልኝ ነበር። እኔ ግን የማርያም ማኅበራችን አለቃ፣ ሙሴ የሚሉት፣ ነበርኩ፤ በዚያው ጾም መጀመሪያ ላይ አንዲት ምስኪን ዓሣ በላች ብዬ በማኅበርተኛው ፊት «ዓሣም ነፍስ አለው» እያልኩ አሸማቅቄያታለሁ። እንዴት አድርጌ አሁን እኔ ልበላ ነው ልበል? እማዬ እንኳ እንዳታይ በሩን ዘግቼ እየቀቀልኩ በላሁ። ቅርፊቱን ወቅጬ በጥቁር ፌስታል አጠራቀምኩት። ማክሰኞ ሲደርስ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ይህን ፌስታል ዘነበች ትፈታዋለች። እማማ እያለች የምታቆላምጣት እናቴ ጋ በመስኮት ቆማ፣ በሆዷ የእኔን ነገር ይዛ ልትስቅ ነው አልኩ።

እናም የጽዳት ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የማስታወቂያው ጸሐፊ፣ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ፤ ከድልድዩ ላይ ፌስታሉን ወረወርኩና እየሮጥኩ ተመለስኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ዘነበች ናት፤ ፌስታሉን በእጇ አንጠልጥላለች። ቋጠሮውን እንደገና አጥብቃ አስራዋለች።

«እትዬ አስቴር፣ ይኸ ጠፍቶብዎት ነበር መሰለኝ» አለችኝ። «ድልድዩ ሥር አገኘሁት።»

 ፊቷ ላይ ሳቅ የለም፣ ንቀት የለም፤ የወደቀ ቁልፍ አንስታ የምትሰጥ ሰው ፊት ነው። «ከሌላው ጋር አድርገው ዛሬ ያውጡልኝ፣ እወስደዋለሁ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞራ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ሄደች። ፌስታሉን ጓዳ ወስጄ ፈታሁት። የእንቁላል ቅርፊቱ መካከል ተበላሽተው የጣልኳቸው የራሴ ማስታወቂያዎች አሉ። «ቆሻሻ በወንዝ የጣለ በሕግ ይጠየቃል» ይላል፤ ከሥሩ ስሜና ፊርማዬ። ቅርፊቱ ፊርማዬ ላይ ተጣብቋል።

ያኔ ገባኝ። ድልድዩን ያጸዳው የእኔ ወረቀት አልነበረም። ዘነበች በመጣች ቁጥር በማለዳ ወንዙ ውስጥ ወርዳ የተጣለውን ማዳበሪያ ትከፍታለች፤ የማን እንደሆነ ከውስጡ ታውቃለች፣ አንዱን ከልጁ ደብተር፣ ሌላውን ከመብራት ደረሰኙ፤ ከዚያም ማንም ሳያይ ተሸክማ ወደ ባለቤቱ ቤት ትመልሰዋለች። «ጠፍቶብዎት ነበር።» ይህችን ቃል የሰማ ሰው ሁለተኛ ድልድዩ ላይ አይደርስም። እኔ ስም ዝርዝር አንብቤ ያጣሁትን ሰፈር እሷ ስም ሳትጠራ ወሰደችው።

ብትሰድበኝ ኖሮ ይቅር እላት ነበር። ለአንድ ሰው ብትነግርብኝ እንኳ እጣላታለሁ፣ እንታረቃለን፣ ያልቃል። ዝም አለች። ማክሰኞ ስትመጣ ዝም፣ ቅዳሜ ስትመጣ ዝም፣ ሰላምታዋ እንደ ድሮው። ሰው ሲበልጥሽ መቅናት አንድ ነገር ነው፤ መብለጧን ካንቺ በቀር ማንም በማያውቅበት ሁኔታ ስትበልጥሽ ደግሞ ሌላ ነው። በጎ መሆኗ ውስጤን አቃጠለው።

ፋሲካ እንዳለፈ ሁሴን በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ አስጠራ። ለዘነበች አዲስ ቦቲና ጋቢ እንግዛላት፣ ደግሞም የጽዳት ኮሚቴው ውስጥ ትግባ የሚል ሐሳብ አመጣ። ከኋላ አንዱ «ለምን ሊቀመንበር አናደርጋትም!» ብሎ ጮኸና ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ለቀልድ ነው የተባለው። ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አልኩ። «ዘነበች የማዳበሪያችንን ሆድ ከፍታ እንደምታይ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩ። እንግዲያው ከመካከላችሁ፣ ዘነበች ምንም ነገር የማታውቅበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

 አንድም እጅ አልወጣም። ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ያያሉ፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች፤ ሁሴን አፉን ከፍቶ ዘጋው። ሰው ሲፈራ ምስጋናውን ይረሳል። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፣ እሷ ስለ አንዱ ለሌላው ነግራ ይሆን እያሉ ሲጠራጠሩ አየሁ። እኔም በዚያች ደቂቃ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለካ ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልትመሰገን ጠርተዋት ነው የመጣችው። ሁሴን አፍሮ «ዘነበች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። ሰዉን ሁሉ አየችና በመጨረሻ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። አሁን ትናገራለች አልኩ። እንቁላሉን፣ ድልድዩን፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም ታወጣዋለች ብዬ ወንበሩን ጨበጥኩ።

«እናንተ ሚስጥር ብላችሁ የጣላችሁት ካለ፣ እኔ ያነሣሁት ቆሻሻ ብዬ ነው» አለች። «ሌላ የምለው የለኝም።» ጓንቷን አድርጋ ወጣች።

ከዚህ በኋላ እንኳ አላቆምኩም። ደብዳቤ መጻፍ ሥራዬ ነበር፤ «የነዋሪውን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ሠራተኛዋ በሌላ እንድትተካልን» ብዬ ለማህበሩ ጻፍኩ። ሰዉ ተራ በተራ ፈረመ፣ ሁሴንም ፈረመ። ማህበሩም አላንገራገረም፣ ወደ ሸጎሌ ሰፈር አዛወራት። ትርንጎ ብቻዋን ቀረች፤ ለረጅም ጊዜም ፊቴን አላየችም።

«ዘነበች መጣች?» አለች እማዬ ማክሰኞ።

«ሥራ ቀይራለች» አልኳት።

«ሳትሰናበተኝ?»

 እማዬ ፊቷን ከመስኮቱ አዞረች። ከዚያ «አስቴር፣ አንቺ ከልጅነትሽም የሰው ነገር ያምርሻል» አለችኝ። ምን እንደሠራሁ ማንም አልነገራትም። እናት ናት፣ አወቀችኝ።

ከትርንጎ ጋር የተመደቡት አዲሶቹ ሰብሳቢዎች በር ላይ ቆመው «ቆሻሻ!» ብለው ጮኸው ያልፋሉ። ከወር በኋላ ድልድዩ ሥር አንድ ማዳበሪያ ታየ። ከዚያ ሦስት። ሐምሌ ላይ ውሃው ቆሻሻውን እየገፋ መጥቶ ድልድዩን ደፈነውና አንድ ከሰዓት ውስጥ ሁሴን ሱቅ ገባ፤ ስኳሩ ቀለጠ፣ የዱቄቱ ጆንያ እንደ ጭቃ ሆነ። ሁሴን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃ እየቀዳ ሲያፈስ አገኘሁት። «እትዬ አስቴር፣ ዘነበች ብትኖር ይህ ይሆን ነበር?» አለኝ። ያኔ ብናገር ኖሮ፣ እኔም ጥዬ ነበር፣ ሸፍናልኛለች፣ በቅናት ነው ያስነሣኋት ብል ኖሮ፣ ሰፈሩ በነጋታው ሸጎሌ ሄዶ ያመጣት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል» አልኩትና አለፍኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ለፋሲካ በግ ልገዛ ሸጎሌ ገበያ ወረድኩ። በጎቹ መካከል እየተጋፋሁ ሳለ «እትዬ አስቴር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሪዋን አቁማ እየሮጠች መጣች፤ ጓንቷን አውልቃ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «እማማ እንዴት ናቸው? ይበላሉ? ዓይናቸውስ?» አከታተለችብኝ። ቂም ፈልጌ ፊቷን መረመርኩት፤ አጣሁት። ከጎኗ ለበጎቹ ድርቆሽ የምትሸጥ የወርቅ ጥርስ ያላት ሴትዮ ነበረች፤ «ዘኒዬ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ጠራቻት። ዘኒዬ! እኛ ሰፈር ማንም ዘኒዬ ብሏት አያውቅም።  እስከዚያ ቀን የቀናሁት በእሷ ነበር፤ ያን ቀን ግን የቀናሁት በሴትዮዋ ነው። «ተመለሺ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ፈለግኩ። «እማዬ ደህና ናት» ብቻ አልኳትና በጌን ጎትቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ጉንፋን መስሏት የተኛችበት የሳምባ ምች ኖሯል፤ እሱው ገደላት።

በሠልስቷ ሰፈራችን በሁለት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሸጎሌ ሄደ። ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁሴን ሱቁን ዘግቶ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሙሉ ጥቁር ለብሳ። ዘነበች የተከራየችባት ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ድንኳኑ ግን ትልቅ ነበር፣ የዚያ ሰፈር እድር የተከለው። ውስጡ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ከብት ነጋዴው፣ ሊስትሮው፣ አሮጊቱ ሁሉ ያለቅሳል። «አንድም የወደቀ ዕቃችን ጠፍቶ አያውቅም» ይላል አንዱ። «ልጄን ሆስፒታል ያደረሰችው እሷ ናት» ትላለች ሌላዋ። በማላውቀው ሰው አፍ ስሟ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር እንደተነጠቅሁ ይሰማኛል።

አግዳሚው ላይ ከጎኔ ያቺ ድርቆሽ ሻጭ ተቀምጣለች። ፊቷን ጠርጋ «የኛ ዘነበች!» አለች፤ «የኛን ሰፈር ሰው ያደረገች!»

«የኛ ናት» አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ፤ ድምፄም ከፍ ብሏል። «እናንተ ጋ የመጣችው ትናንት ነው። እኛ ጋ ስንት ዓመት ኖራለች። እናቴ ልጄ ነበር የምትላት።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ቀና ብላ አየችኝና ከልቧ ጠየቀችኝ፣ «ታዲያ እህቴ፣ እንዲህ ያለችውን ሰው ለምን ለቀቃችኋት?»

በድንኳኑ ውስጥ ያሉት የሰፈሬ ሰዎች ሁሉ ሰሙ። ሁሴን ከፊቴ ነበር፤ ዞሮ አየኝና አንገቱን ደፋ። ዝም ብል ከእነሱ አንዱ «ማህበሩ ነው ያዛወራት» ይል ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

«አልለቀቅናትም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያባረርኳት። ቆሻሻዬን ወንዝ ውስጥ ጥዬ አገኘችኝ፤ ለማንም ሳትናገር መለሰችልኝ። በዚህ ቀናሁባት። ሰዉን አስፈራርቼ አስፈርሜ ያስነሣኋት እኔ ነኝ።»

 ድርቆሽ ሻጯ እንድትተፋብኝ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ብትተፋብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን እጄን ያዘችኝ፤ ፌዝ የለበትም፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለችኝ። «ባያባርሯት እኛ መቼ እናገኛት ነበር?»

ንፍሮ የያዘውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። አንድ ጭብጥ አነሣሁ።